ከተማው ሲሰፋ ከተፈጥሮ ምን እናጣለን? ከአዲስ አበባ ዳርቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኮዬ ፈጬ እስከ ሱሉልታ፣ ከሰበታ እስከ ለገጣፎ ያሉ ነዋሪዎች ስለ ውሃው፣ ስለ ጎርፉ፣ ስለ አፈሩና ስለ ዛፉ ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

«የሥርዓተ ምህዳር አገልግሎት» የሚባለው ነገር ምንድን ነው?

ተፈጥሮ ሳንከፍላት የምትሠራልን ሥራ ነው። ዝናቡን ወደ መሬት አስገብታ በምንጭ መልሳ ታወጣዋለች፤ ጎርፉን ታዘገየዋለች። ንቦቹ ኑጉንና ባቄላውን ያራባሉ። ዛፎቹ አቧራ ይይዛሉ፣ ቀኑን ያቀዘቅዛሉ። ጤፉ፣ ድርቆሹ፣ ማገዶውም ከዚያው ነው። ኢሬቻ የሚከበርበት ሐይቅ፣ ጸበሉ፣ ሰው አረፍ የሚልበት ዋርካም ከዚህ ይቆጠራል፤ ሰው የሚኖረው በእንጀራ ብቻ አይደለምና።

ስያሜው የምሁራን ነው። በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው የተባበሩት መንግሥታት የሚሊኒየም የሥርዓተ ምህዳር ግምገማ ነው። ነገሩን ግን ማንኛውም ገበሬ ያውቀዋል። ምንጩ ሲደርቅ ባለሙያ መጥቶ እስኪነግረው አይጠብቅም።

የአዲስ አበባ ውሃ ከየት ነው የሚመጣው?

ከዳር ነው። በምዕራብ ገፈርሳ፣ በምሥራቅ ለገዳዲና ድሬ ግድቦች አሉ። በደቡብ ደግሞ የአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች። መሃል ከተማ ቧንቧ የሚከፍት ሰው የሚጠጣው ገጠር ላይ የዘነበውን ዝናብ ነው።

ስለዚህ ከግድቦቹ በላይ ያለው መሬት ምን እንደሚሠራበት የሁላችንም ጉዳይ ነው። ሣሩ ተገልጦ፣ መንገድ ተቆፍሮ፣ አፈሩ ሜዳ ላይ ከተከመረ በክረምት ታጥቦ ግድቡ ውስጥ ይገባል። ደለሉ የውሃውን ቦታ ይይዝበታል። የደፈረሰ ውሃ ለማጥራትም ብዙ ኬሚካል ይፈልጋል። ሣርና ቁጥቋጦ በነጻ ያጣሩት የነበረውን ውሃ አሁን በገንዘብ እናጣራዋለን።

ዝናቡ ያው ነው፤ ጎርፉ ለምን ባሰ?

ሒሳቡን እንሥራው። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። ስለዚህ 100 ካሬ በሆነ ቆርቆሮ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 3000 ሊትር ይሆናል፤ ትልቅ ሮቶ ይሞላል ማለት ነው። ይህ የአንድ ቤት ነው። 1000 ቤት ያለው ሰፈር 3 ሚሊዮን ሊትር ይለቃል፤ ግቢው በሲሚንቶ ከተለበጠና መንገዱ አስፋልት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ድሮም ይኸው ዝናብ እዚያው ቦታ ላይ ይወርድ ነበር፤ ነገር ግን ግማሹን ሣሩ ይይዘዋል፣ ግማሹ ይሰርጋል፣ የቀረው ጨፌው (ረግረጋማው የሣር ሜዳ) ላይ ተኝቶ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ይወርዳል። አሁን ሁሉም በአንድ ሰዓት ውስጥ ቱቦ ይፈልጋል።

አንድ ነገር ግን በሐቅ መባል አለበት። የአቃቂና የኮዬ ዋልካ አፈር ነሐሴ ላይ ጠግቦ ሲያብጥ እሱም ውሃ ብዙ አያሰርግም። እዚያ ሥራውን ይሠራ የነበረው ጨፌው ነው፤ ሜዳው ራሱ ውሃውን ያስተኛው ነበር። እኛ ግን ጨፌን ባዶ መሬት ብለን ስለምናየው ቶሎ ደፍነን እንገነባበታለን። ከዚያ በየክረምቱ ውሃው የድሮ ቦታውን ፍለጋ ሳሎን ድረስ ይመጣል።

የመሬቱ አቀማመጥም አለ። እንጦጦ ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ አቃቂ ወደ 2100 ሜትር ገደማ። ሽሮ ሜዳ ላይ ተራራ ሥር የተሠራ ስህተት ታች አቃቂ ላይ ይከፈላል። የጎርፍ መውረጃውን ዲች የደፈነው የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲጨመርበት ደግሞ የባሰ ነው።

የሰፈራችን ምንጭ ለምን ደረቀ? የግቢያችን ጉድጓድስ?

መሬት ክረምት ላይ ሞልቶ በጋ ላይ የሚቀዳ ጋን ነው። አፉን በሲሚንቶ ከደፈንከው አይሞላም። አዲስ አበባ አካባቢ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል፤ አብዛኛው በክረምት፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ። እነዚያ ሁለት ወራት ውሃው ካልገባ መጋቢት ላይ ምን ይወጣል?

ሌላው ምክንያት ቁፋሮ ነው። ሪል ስቴቱ፣ ፋብሪካው፣ የታሸገ ውሃ አምራቹ በየአቅጣጫው ጥልቅ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ብዙ ፓምፕ ሲጎትት የውሃው ከፍታ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚደርቁት በእጅ የተቆፈሩት ጉድጓዶችና ትንንሽ ምንጮች ናቸው። ያ ማለት መጀመሪያ የሚጎዳው ፓምፕ መግዛት የማይችለው ሰው ነው።

ጉድጓድህ ካልደረቀም ውሃውን አስመርምረው፤ ይህን ነገር ችላ አትበሉ። የሽንት ቤት ጉድጓድ በበዛበት ሰፈር ከፍሳሹ ናይትሬት የሚባል ንጥረ ነገር ወደ መሬት ውስጥ ውሃ ይገባል። ናይትሬት በማፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ውሃው ሲተን መጠኑ ይጨምራል። በተለይ በጣሳ ወተት ለሚያድጉ ጨቅላዎች አደገኛ ነው። የውሃ ጉድጓድና ሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራራቁ። 150 ካሬ ግቢ ላይ 30 ሜትር ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ ችግሩ ያው እሱ ነው፤ የእናንተ ሽንት ቤት ቢርቅ የጎረቤት ይቀርባል። እንዲህ ያለ ሰፈር የጋራ ፍሳሽ መስመር ነው የሚያስፈልገው።

ጤፍ ከሌላ ቦታ ይመጣል፤ የዳሩ እርሻ ቢቀር ምን ቸገረን?

የትኛው መሬት እንደሚቀር እንይ። ከአቃቂ እስከ በቾ ያለው ሜዳ ዋልካ ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ አፈር። ጤፉ፣ ስንዴው፣ ጓያው እዚያ ይበቅላል። ሽምብራው ደግሞ የሚገርም ነው፤ መስከረም ላይ ዝናቡ ሲወጣ ይዘራል፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ጠብታ ሳያይ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ ያፈራል። ዋልካ እንዲህ ያለ አፈር ነው።

ለቤት ግን ጠላት ነው። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ ክረምት ላይ ያብጣል፤ ቤቱም አብሮ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ግንበኛው መጀመሪያ ምን ያደርጋል? ዋልካውን ቆፍሮ ያወጣል። በሲኖትራክ ተጭኖ ሄዶ የሆነ ሸለቆ ውስጥ ይደፋል። በምትኩ ከሌላ ኮረብታ የተቆረሰ ሰሌክት የሚባል መሙያ አፈር ይመጣል፣ ይሞላል፣ ይደመደማል። አንድ ሕንጻ ለማቆም ሦስት ቦታ ተጎዳ፦ እርሻው፣ የተሞላው ሸለቆ፣ የተቆረሰው ኮረብታ። ያ አፈር በሺህ ዓመታት የተሠራ ነው። ገንዘብ ቢኖርም ተመልሶ አይገዛም።

ጤፉ ከጎጃም ይመጣል፣ እውነት ነው። ግን ወተቱስ? የሱሉልታ ሜዳ ለዘመናት ድርቆሽና ወተት ሲያቀርብልን የኖረ ነው። ወተት እንደ ጤፍ ሩቅ ተጉዞ ገበያ አይጠብቅም። ሜዳው በታጠረ ቁጥር ድርቆሹ ይወደዳል፣ ከዚያ ወተቱ።

በአቃቂ ወንዝ የሚለማ ጎመን መብላት ችግር አለው?

አለው፤ ግን ሁለት ዓይነት ችግር ስለሆነ ለይተን እንየው። አንደኛው ጀርም ነው። ወንዙ ውስጥ የሰው ፍሳሽ ይገባል፣ ስለዚህ ቅጠሉ ላይ የሆድ በሽታ አምጪ ተህዋስና የትላትል እንቁላል ሊኖር ይችላል። ይህን በደንብ ማጠብ ይቀንሰዋል፣ በደንብ ማብሰል ይገድለዋል። ሰላጣ ጥሬውን ስለሚበላ ከጎመን ይልቅ ያሰጋል።

ሁለተኛው ከቆዳ ፋብሪካ፣ ከጋራዥና ከሌሎች ፋብሪካዎች የሚመጣው ክሮሚየምና ሌሎች ከባድ ብረቶች ናቸው። እነዚህ በሥሩ ገብተው ቅጠሉ ውስጥ ይቀመጣሉ። ማጠቡም፣ ሎሚውም፣ መቀቀሉም አያወጣቸውም። በወንዙ ውሃና በዚያ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ ተደጋጋሚ ጥናቶች ተሠርተው ከባድ ብረት ተገኝቷል፤ ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ከሌላው አትክልት የበለጠ ይሰበስባል። አንድ ቀን በመብላት ሰው አይታመምም፤ ለዓመታት ዘወትር መብላት ግን ሌላ ነው። የምትችሉ ከሆነ ቅጠላ ቅጠል ከየት እንደመጣ ጠይቃችሁ ግዙ፣ ከአንድ ቦታ ብቻም አትግዙ።

ገበሬውን መውቀስ ግን ነውር ነው። እሱ መርዝ አልጨመረም። በዚያ ወንዝ ዳር ጎመንና ቆስጣ እያለማ ልጆቹን አስተምሯል፤ ከላይ ያለነው ነን ፍሳሻችንን የለቀቅንበት። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ቀበናን፣ ባንተይቀጡንና ሌሎቹን ወንዞች ይዘው አባ ሳሙኤል ይገባሉ። በአገራችን ከመጀመሪያዎቹ የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተተከለበት ግድብ ነው፤ ዛሬ ደለልና እምቦጭ ያስቸገረው ውሃ ሆኗል። ያም ሆኖ በበጋ ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ወፎች አሁንም ያርፉበታል። ከዚያ ውሃው አዋሽን ይቀላቀላል። አዋሽ ላይ ያሉ ከብቶችና ሰዎች የእኛን ፍሳሽ ይቀበላሉ፣ ከተማዋን አይተዋት ባያውቁም።

ባህር ዛፍ ይነቀል ወይስ ይቆይ?

ሁለቱም። ባህር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ሲመጣ ከተማዋን አድኗታል። የአካባቢው ጥድና ወይራ ለማገዶና ለቤት ተቆርጦ አልቆ ነበር፤ ማገዶ ስላለቀ ከተማዋን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ሁሉ ነበር። ባህር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል። ለብዙ የዳር ገበሬ ደግሞ ቆሞ የሚጠብቅ ቁጠባው ነው፤ ልጅ ሲታመም ወይም ሠርግ ሲመጣ ይቆረጣል።

ችግሩ ቦታው ነው። ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩም ሣር ስለማያበቅል አፈሩ ተጋልጦ ይታጠባል። ስለዚህ ምንጭ ራስና ወንዝ ዳር አይሁን። እዚያ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶ፣ ዝግባ ይተከል። በሌላ ቦታ ላይ ያለውን ግን በአንድ ጊዜ መንጥሮ ቁልቁለቱን ራቁቱን ማስቀረት ከባህር ዛፉ የባሰ ጉዳት ያመጣል። እየተኩ መቀነስ ነው የሚሻለው።

ቆሻሻው ከሰፈራችን ይነሳል፤ ከዚያ በኋላ የት ይደርሳል?

ወደ ሌላ ሰው ሰፈር። ይህን ታሪክ ሁላችንም ማስታወስ አለብን። የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ሲጀመር ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማው ሄዶ ከበበው። በ2008 ሰንዳፋ አካባቢ አዲስ መጣያ ተከፈተ። የአካባቢው ገበሬዎች ውሃችንንና ከብቶቻችንን በከለ ብለው ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥ ተዘጋ። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቆሼ ተናደ፤ ከ110 በላይ ሰዎች አለቁ። አብዛኞቹ ሥሩ ቤት ሠርተው ይኖሩ የነበሩ ድሆች ናቸው።

ከምንጥለው ውስጥ ትልቁ ክፍል የሚበሰብስ ነው፦ የአትክልት ልጣጭ፣ ትርፍራፊ፣ ቅጠል። ይህን አፈር ቢቀበለው ማዳበሪያ ይሆናል። ድሮ የዳር ገበሬ የሚፈልገው ነገር ነበር። አሁን ከፕላስቲክና ከባትሪ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚመጣ ማንም አይፈልገውም። ቤት ውስጥ መለየት ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሳይለዩ ግን ምንም መጀመር አይቻልም።

ጅብ በሰፈራችን ለምን በዛ? አይጠፋም ወይ?

ጎሬው የነበረውን ገደልና የድንጋይ ካባ እየዘጋንበት፣ አጥንትና የሞተ አህያ ደግሞ በየሜዳው እየጣልንለት ነው። ሌላ የት ይሂድ? እስከዚያው ሥራ እየሠራልን ነው። መቀሌ ላይ የተሠራ ጥናት ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ ጥንብ እንደሚያነሱና በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ነቀርሳ (ቲቢ) ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይተላለፍ እንደሚረዱ አሳይቷል። ልጆችን በማታ ብቻቸውን አትላኩ፣ በጉን በረት አስገቡ፣ ጥንብ ቤት አጠገብ አትጣሉ። ከዚያ ውጭ ተዉት።

የበለጠ የተጎዳው ማነው? መሃል ከተማው ወይስ ገጠሩ?

በሁለቱ መካከል ያለው፣ ማለትም ዳሩ። ብዙ ሰው ከከተማ ወደ ገጠር በሄዱ ቁጥር ተፈጥሮ እየጨመረች የምትሄድ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። መሃል አዲስ አበባ በአብያተ ክርስቲያናት፣ በኤምባሲዎችና በድሮ ግቢዎች ውስጥ ትልልቅ ጥድና ወይራ አለ፤ ከአቃቂ ባሻገር ያለው የጤፍ ሜዳ ግን ዛፍ የለውም ማለት ይቻላል። እርሻው እህል ይሰጣል፣ ጥላ አይሰጥም። ወጨጫ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ደግሞ ውሃም፣ ጥላም፣ አየርም ይሰጣል። እያንዳንዱ ቦታ የየራሱ አለው።

አዲሱ የዳር ሰፈር ግን ከሁለት ያጣ ነው። የገጠሩ ነገር ሄዷል፣ የከተማው አልመጣም። ምንጩ ደርቋል፣ ቧንቧው በሳምንት አንድ ቀን ነው ወይም ጭራሽ የለም። ጨፌው ተደፍኗል፣ ቱቦው አልተቀበረም። ማገዶው ተቆርጧል፣ መብራቱ ይሄዳል። ሴቶች ጀሪካን ደርድረው ቦቴ ሲጠብቁ የምታዩት በዚህ ቀበቶ ላይ ነው፤ አንዳንዴ የሚቆሙት የድሮው ምንጭ የነበረበት ቦታ አጠገብ ነው። በእኔ እምነት የዚህ ሁሉ ጉዳይ ዋናው ይሄ ነው። ተፈጥሮ የምትሰጠው የሚቋረጠው ቡልዶዘሩ በገባበት ቀን ነው፣ መሠረተ ልማቱ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ በመካከል ያለውን ዘመን የሚኖረው ሰው ማንም አይቆጥረውም።

ችግኝ ተከልን፣ ፓርክም ተሠራ። አይበቃም?

ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። እንጦጦ ፓርክ በ2013 ሲከፈት ብዙ ቤተሰብ አየር የሚያገኝበት ቦታ አገኘ። ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዝርያዎችን ይዟል። ይህ ሊናቅ አይገባም።

ነገር ግን ችግኝ የተቆረጠ ዛፍን ሥራ ለመሥራት አሥርት ዓመታት ይፈልጋል፤ ያውም ከጸደቀ። ፓርክም የሚጠቅመው በአቅራቢያው ላለውና መድረስ ለሚችለው ነው። የተነጠፈ የወንዝ ዳር ያምራል፣ ውሃው ውስጥ የሚገባው ፍሳሽ ካልቆመ ግን አቃቂ ላይ ያለው ገበሬ ምንም አልተለወጠለትም። ከተከልነው ይልቅ ያልነካነው ጨፌና ያልቆረጥነው ወይራ የበለጠ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው።

ገበሬው ካሳ ከተከፈለው ጉዳዩ አለቀ አይደል?

አላለቀም። በአዋጅ 455/1997 ካሳው የሚሰላው የአምስት ዓመት አማካይ የዓመት ገቢ በ10 ተባዝቶ ነበር። በአዋጅ 1161/2011 ተሻሽሎ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በ15 እንዲባዛ ተደነገገ። ተሻሽሏል፤ ግን አሁንም በዋናነት የሚቆጠረው ሰብሉ ነው።

ያ መሬት ግን ከሰብሉ በላይ ይሠራ ነበር። ዝናብ ያስገባ ነበር፣ ከታች ያለውን መንደር ከጎርፍ ይጠብቅ ነበር፣ ከመኸር በኋላ የጎረቤት ከብቶች ቃርሚያ ይበሉበት ነበር። ይህን ያጣው ታች ያለው ሰው መሬቱ ስላልተወሰደበት የካሳ ዝርዝር ውስጥ የለም። ለካሳ የሚቀመጠው ገማች ኮሚቴ ሰብሉን በኩንታል ሲቆጥር ምንጩን በምን ይቆጥረው? ቢያንስ ከመሬቱ በታች ያሉ መንደሮች ውሃቸው ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ሊጠና፣ ጉዳት ካለም ምትክ ውሃ ግንባታው ሳይጀመር ሊቀርብላቸው ይገባል።

ታዲያ ከተማ አይስፋ ነው የምትሉት?

አይደለም። ሰው ቤት ይፈልጋል። በኪራይ የተማረረ ወጣት ፊት ቆሞ ስለ ጨፌ ብቻ ማውራት ተገቢ አይደለም። ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ከ1870ዎቹ ጀምሮ ስትሰፋ ኖራለች፣ በ2015 ደግሞ በዙሪያዋ ያሉት ከተሞች ሸገር ሲቲ ሆነው ተዋቅረዋል። መስፋቱ አይቀርም።

ጥያቄው በየት በኩል የሚለው ነው። ድንጋያማ ጭንጫ መሬት እያለ ዋልካ ላይ መገንባት ግዴታ አይደለም። የወንዝ ዳር፣ የምንጭ ራስና ጨፌ መጀመሪያ ከካርታው ይውጡ፣ ከዚያ የቀረው ይሸንሸን። ቱቦና የፍሳሽ መስመር ከቤቱ በፊት ይቀበር። መሃል ከተማ ታጥረው ለዓመታት የተቀመጡ ቦታዎች ሳይገነቡ አዲስ እርሻ አይነካ። እናንተም ግቢያችሁን ሙሉ በሙሉ አትለብጡት፤ የተወሰነው ሣር ይሁን፣ የአሸንዳው ውሃ ሮቶ ይግባ፣ የተረፈው ወደ ዛፍ ሥር ይሂድ። ቦታ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ጥር ላይ አይታችሁ አትወስኑ። ነሐሴ ላይ፣ ከከባድ ዝናብ ማግስት ሂዱና ውሃው የት እንደሚተኛ እዩ፤ ካልሆነም እዚያው የኖሩ አዛውንት ፈልጋችሁ «አባቴ፣ ድሮ እዚህ ጋ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። «ከብት እናጠጣበት ነበር» ካሏችሁ ሌላ ቦታ ፈልጉ።